ስክሪን የሌለው መሣሪያ ለምን የስክሪን ላይብረሪ ይሸከማል?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው መንገድ ዳር ለሚተከሉና ስክሪን ለማይገጠምላቸው የካሜራ መሣሪያዎች ዴቢያን 12 በተባለው የሊኑክስ ስርጭት ላይ የተመሠረተ ኢሜጅ (መሣሪያው ላይ የሚጫን ሙሉ ሥርዓት) እያዘጋጁ ነው። መሣሪያው የካሜራውን ቪዲዮ በኔትወርክ ተቀብሎ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋና ኦፕን-ሲቪ በተባለው የምስል መተንተኛ ተሽከርካሪዎችን ይቆጥራል፤ ተፈላጊ የሆነ ቁራጭ ቪዲዮ ሲኖር ደግሞ ኤፍኤፍምፔግ በተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ወደ ፋይል ያስቀምጣል። ሁለቱ ፓኬጆች ሲጫኑ ኢሜጁ ከ1 ጊጋባይት አለፈ፤ በተጫኑት ፓኬጆች ዝርዝር ውስጥም የኤክስ-11 (የስክሪን መስኮት ሥርዓት) ላይብረሪዎች፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው የኮድ ስብስቦች፣ ሜሳ (የግራፊክስ መሳያ)፣ ኤልኤልቪኤም (የኮድ መተርጎሚያ) እና ልዩ ልዩ የግራፊክስ ድራይቨሮች ተገኙ። ማሻሻያው የሚላከው በሞባይል ዳታ ስለሆነ እያንዳንዱ ሜጋባይት ገንዘብ ነው። «የማያስፈልገውን በራሱ የሚያስወግደውን የአፕት (የዴቢያን ፓኬጅ መጫኛ) ትዕዛዝ ብጠቀምም ምንም አልቀነሰም፤ የላይብረሪ ፋይሎቹን በእጄ ብሰርዛቸው ችግር አለው ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ችግር አለው። የችግሩን ምክንያት መረዳት ቀሪውን ሥራ ሁሉ ስለሚያቀልልዎት ከዚያ ልጀምር። በሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ከሌላ ላይብረሪ ጋር የሚያያዘው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ በሚገነባበት ጊዜ የላይብረሪው ስም በራሱ በፕሮግራሙ ፋይል ውስጥ «ያስፈልገኛል» ተብሎ የሚመዘገብበት ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ ዳይናሚክ ሊንከር የሚባለው ክፍል ይህን ዝርዝር አንብቦ እያንዳንዱን ላይብረሪ ይፈልጋል፤ ከተዘረዘሩት አንዱ ከጠፋ፣ ፕሮግራሙ ያንን ላይብረሪ አንድም ጊዜ የማይጠራው ቢሆን እንኳ፣ ጨርሶ አይነሣም። ሁለተኛው ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሳለ ላይብረሪውን በስሙ ጠርቶ የሚከፍትበት፣ ዲኤልኦፕን የተባለው መንገድ ነው፤ በዚህኛው ላይብረሪው ቢጠፋ የሚጓደለው ያ አንድ ተግባር ብቻ ነው። ኤፍኤፍምፔግ ከግራፊክስ ላይብረሪዎች ጋር በብዛት የተያያዘው በመጀመሪያው መንገድ ነው። ስለዚህ ፋይሎቹን ከሰረዙ ቪዲዮ መቅዳቱ ራሱ ይቆማል። ከዚያም ሌላ፣ የፓኬጅ መዝገቡ ላይብረሪዎቹ እንዳሉ አድርጎ ስለሚቆጥር በሚቀጥለው ማሻሻያ ተመልሰው ይመጣሉ። ፓኬጁን በግድ ቢያስወግዱት ደግሞ አፕት ጥገኝነቱ እንደተጓደለ አይቶ ሌላ ምንም ነገር ለመጫን እምቢ ይላል።

ስለዚህ ሥራው ከመጨረሻው ውጤት ላይ መሰረዝ ሳይሆን ላይብረሪው የገባበትን በር ማግኘት ነው። በሮቹ ብዙ አይደሉም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የሚዘጋው በተለየ መንገድ ነው።

በዴቢያን አንድ ፓኬጅ ስለሌላው የሚናገረው በደረጃ ነው። «ዲፔንድስ» የተባለው ያለእርሱ አልሠራም ማለት ነው፤ «ሬኮሜንድስ» አብዛኛው ተጠቃሚ ይፈልገዋል ማለት ነው፤ «ሰጀስትስ» ደግሞ ምክር ብቻ ነው። አፕት ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሳይጠይቅ ይጭናል። የዴስክቶፕ ተጠቃሚን ላሰበ ሰው ይህ ተገቢ ነው፤ ለእርስዎ ግን የመጀመሪያው ሰፊ በር ይኸው ነው። የሚዘጋውም በመጫኛ ትዕዛዙ ላይ «ኖ-ኢንስቶል-ሬኮሜንድስ» የሚለውን አማራጭ በመጨመር፣ ወይም የተሻለ ሆኖ፣ ኢሜጁ መገንባት ሲጀምር በአፕት ማዋቀሪያ ማውጫ ውስጥ ይህንኑ የሚያዝ አንድ አጭር ፋይል በማስቀመጥ ነው። ፋይሉ ይሻላል የምለው አንድ ሰው ከስድስት ወር በኋላ አማራጩን ረስቶ አዲስ ፓኬጅ ሲጨምር በሩ መልሶ እንዳይከፈት ነው።

አስወጋጁ ትዕዛዝ ለምን ምንም እንዳልቀነሰ አሁን ግልጽ ይሆናል። አፕት አንድን ፓኬጅ «የማያስፈልግ» ብሎ ከመፈረጁ በፊት በ«ሬኮሜንድስ» የሚፈልገው ሌላ የተጫነ ፓኬጅ መኖር አለመኖሩን ያያል፤ ካለም አይነካውም። የመጫን ልማዱን ዛሬ ቢቀይሩትም ትናንት የገቡት በዚህ ምክንያት ይቆያሉ። ይህን የሚሽር ማዋቀሪያ አለ፤ እኔ ግን ኢሜጁን ከባዶ መልሶ መገንባትን እመርጣለሁ። ሲጸዳ የኖረ ኢሜጅ ውስጡ ምን እንዳለ በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል፤ ከጽሑፍ ዝርዝር እንደገና የተገነባውን ግን ዝርዝሩን አንብቦ ማወቅ ይቻላል።

አሁን ወደ ኤፍኤፍምፔግ እንግባ፤ ከባዱ ጉዳይ ያለው እዚያ ነው። አፕቲቲዩድ የተባለውን መሣሪያ በግንባታ ማሽንዎ ላይ ጭነው «ዋይ» በሚለው ንዑስ ትዕዛዝ ኤልኤልቪኤም ለምን እንደተጫነ ቢጠይቁት ሰንሰለቱን ያሳይዎታል። በዴቢያን 12 ሰንሰለቱ ከአንድ በላይ ነው። አንደኛው በቪዲዮ ማፍጠኛ በኩል ይመጣል፤ ኤፍኤፍምፔግ ሊብ-ቪኤ የተባለውን ላይብረሪ ይፈልጋል፣ ሊብ-ቪኤ ደግሞ የሁሉንም ካርዶች ድራይቨር የያዘውን ስብስብ በ«ሬኮሜንድስ» ይጠራል፣ ከስብስቡ ውስጥ ያለው የሜሳ ድራይቨር ኤልኤልቪኤምን ይጎትታል። ይህ ሰንሰለት ከላይ ባልኩት መንገድ ይበጠሳል። ሌላው ግን የጠበቀ ነው። የኤፍኤፍምፔግ ፓኬጅ ሊብ-ኤቪ-ዲቫይስ የተባለውን ክፍል ይፈልጋል፤ ይህ ክፍል ምስልን ኦፕን-ጂኤል በተባለው የግራፊክስ ስልት በመስኮት ላይ ማሳየት ስለሚችል የዚያን ላይብረሪ፣ ሊብ-ጂኤል-1ን፣ ይፈልጋል፤ ሊብ-ጂኤል-1 በሊብ-ጂኤልኤክስ በኩል ወደ ሜሳ ያደርሳል፤ ሜሳም ግራፊክስ ካርድ በሌለበት በሲፒዩ ለመሳልና የአንዳንድ ካርዶችን ፕሮግራም ለመተርጎም ከኤልኤልቪኤም ጋር ተያይዟል። ኤልኤልቪኤም ብቻውን ሲጫን ከ100 ሜጋባይት በላይ ይይዛል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁሉም «ዲፔንድስ» ነው፤ የትኛውም የአፕት አማራጭ አይበጥሰውም።

ይህን ሰንሰለት የመረጠው ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዴቢያን ፓኬጅ ሲገነባ አንድ የግንባታ መሣሪያ በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ የተመዘገበውን የ«ያስፈልገኛል» ዝርዝር አንብቦ ወደ «ዲፔንድስ» መስመር ይቀይረዋል። ኤፍኤፍምፔግን በቴሌቪዥን፣ በላፕቶፕና በሰርቨር ላይ አንድ ዓይነት ፓኬጅ አድርጎ ለማቅረብ ሁሉም አማራጭ ተከፍቶ ተገንብቷል፤ ቪዲዮ በመስኮት የሚያጫውተው ኤፍኤፍፕሌይ እንኳ በዚያው ፓኬጅ ውስጥ ስላለ ኤስዲኤል የተባለውን የማሳያ ላይብረሪ ይዞ ይመጣል። የኤስቪጂ ሥዕል ማንበብ እንዲቻል ሲባል ካይሮ የተባለው የሥዕል ላይብረሪ ይገባል፤ የዴቢያን ካይሮ ደግሞ ከኤክስ-11 ጋር የተያያዘ ነው። ይህን የምዘረዝረው የዴቢያን ሰዎችን ለመውቀስ አይደለም። አንድ ፓኬጅ ለሚሊዮኖች እንዲሆን ሲሰፋ ለማንም ልኩ እንደማይሆን፣ የእርስዎን ልክ መስፋትም የእርስዎ ድርሻ እንደሆነ እንዲታይ ነው።

ከመስፋት በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይቅደም፤ ኤፍኤፍምፔግን በእርግጥ ይፈልጉታል ወይ? እዚህ ላይ ኦፕን-ሲቪን አብረን እንየው። በዴቢያን መዝገብ ያለው የፓይተን ኦፕን-ሲቪ መስኮት የሚከፍተውን «ሃይ-ጂዩአይ» ክፍል ይዞ ስለሚመጣ ሙሉ የመስኮት መሣሪያዎችን ያስከትላል። በፒፕ (በፓይተን የራሱ ፓኬጅ መጫኛ) የሚጫነው መደበኛው ኦፕን-ሲቪ ደግሞ ሊብ-ጂኤል-1 ከሌለ ገና ሲጠራ በስሕተት ይቆማል፤ ብዙዎች ይህን ስሕተት ሲያዩ ሊብ-ጂኤልን ይጭናሉ፣ ከእርሱም ጋር ሜሳንና ኤልኤልቪኤምን ያስገባሉ። ትክክለኛው መፍትሔ «ሄድለስ» (ስክሪን አልባ) የሚል ተቀጥላ ያለውን የኦፕን-ሲቪ ፓኬጅ መጫን ነው። የሚያጡት መስኮት ከፍቶ ማሳየትን ብቻ ነው፤ መንገድ ዳር ያለው መሣሪያዎ ደግሞ የሚያሳየው ሰው የለውም። የፓይተን አካባቢውን ቬንቭ በተባለው መሣሪያ ከሥርዓቱ ለይተው ይፍጠሩ፤ ዴቢያን 12 ፒፕ በሥርዓቱ ፓይተን ላይ በቀጥታ እንዲጭን አይፈቅድም። መደበኛውና ሄድለሱ ሁለቱም በአንድ የሞጁል ስም ስለሚጠሩ አብረው መጫን የለባቸውም። እዚህ ላይ ንቁ ይሁኑ፤ አንዳንድ የምስል መለያ ፓኬጆች መደበኛውን በስም ጠርተው ስለሚፈልጉ እርስዎ ሄድለሱን ከጫኑ በኋላ እነርሱ ሌላኛውን በላዩ ያመጡበታል። ሁሉም ተጭኖ ሲያበቃ የፒፕን ዝርዝር አውጥተው አንዱ ብቻ መኖሩን ያረጋግጡ።

የሄድለሱ ኦፕን-ሲቪ የኤፍኤፍምፔግን ላይብረሪዎች በውስጡ ይዞ ነው የሚመጣው። የካሜራውን ዥረት ተቀብሎ ፍሬሞቹን መፍታት ያለምንም የሥርዓት ፓኬጅ ይሠራል ማለት ነው፤ ለቆጠራው ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ኤፍኤፍምፔግ አያስፈልግም። የሚጎድለው በኤች-264 የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ መጻፍ ነው፤ በውስጡ ያለው ኤፍኤፍምፔግ ኤልጂፒኤል በተባለው የሶፍትዌር ፈቃድ የተገነባ ስለሆነ ኤክስ-264 የተባለውን ኢንኮደር (ማመቂያ) አልያዘም። እርስዎ ቁራጭ ቪዲዮ ማስቀመጥ ስለሚፈልጉ የኤፍኤፍምፔግ ፕሮግራሙ ያስፈልግዎታል። ሆኖም ከካሜራው የሚመጣው ቪዲዮ ራሱ በኤች-264 የታመቀ ከሆነ፣ ሳይፈቱና እንደገና ሳያምቁ እንዳለ ወደ ኤምፒ-4 ፋይል መገልበጥ ይቻላል። ይህ ሲፒዩውን ያሳርፋል፤ ለጥያቄዎ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጥቅም አለው፤ ምንም ኢንኮደርና ዲኮደር (መፍቻ) የማይጨምር ኤፍኤፍምፔግ መገንባት ያስችልዎታል።

ግንባታውም ከባድ አይደለም። ከኤፍኤፍምፔግ የማዋቀሪያ አማራጮች ውስጥ ለእርስዎ ዋናው «ዲሴብል-ኦቶዲቴክት» የሚለው ነው። ያለእርሱ ኤፍኤፍምፔግ በግንባታ ማሽኑ ላይ ያገኛቸውን ላይብረሪዎች ሳይጠይቅ ያያይዛል፤ ስለዚህ አንዱ ኤክስ-11 ባለበት ላፕቶፕ ላይ፣ ሌላው ንጹሕ ኮንቴይነር (ከማሽኑ የተለየ የሥራ አካባቢ) ውስጥ የገነባው ሁለት የተለያየ ፕሮግራም ይሆናል። ከዚያ «ዲሴብል-ኤቭሪቲንግ» ብለው ሁሉንም ይዝጉና የአርቲኤስፒ (የካሜራ ዥረት ፕሮቶኮል) መቀበያውን፣ የኤምፒ-4 መጻፊያውን፣ የኤች-264 ፓርሰሩን (ዥረቱን ከፋፍሎ አንባቢውን)፣ የፋይል፣ የቲሲፒና የዩዲፒ ፕሮቶኮሎችን ብቻ ይክፈቱ። ኤቪ-ዲቫይስንና ኤፍኤፍፕሌይንም ያጥፉ። ሲያበቃ የፕሮግራሙን የ«ያስፈልገኛል» ዝርዝር ሪድ-ኤልፍ በተባለው ትዕዛዝ ይመልከቱ፤ ከሲ ላይብረሪው፣ ከሒሳብ ላይብረሪውና ከኤፍኤፍምፔግ ከራሱ ክፍሎች ሌላ የግራፊክስ ስም መታየት የለበትም። ይህ ዝርዝር የማይዋሽ ምስክር ስለሆነ ከፓኬጁ መግለጫ ይልቅ እርሱን ይመኑ።

የዚህ መንገድ ዋጋ መነገር አለበት። ኤፍኤፍምፔግን ራስዎ ከገነቡ ዴቢያን የሚያወጣው የደኅንነት ማሻሻያ ለእርስዎ አይደርስም፤ ከውጭ የሚመጣ ቪዲዮ የሚያነብ ፕሮግራም ደግሞ ተጋላጭነቱ ቀላል አይደለም። የከፈቷቸው ክፍሎች ጥቂት መሆናቸው አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ አዲስ እትም ሲወጣ የሚከታተልና መልሶ የሚገነባ ሰው በስም መመደብ አለበት። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ 100 ሜጋባይቱን ተሸክሞ የዴቢያንን ፓኬጅ መጠቀም የተሻለ ውሳኔ ነው፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ስለ «ሬኮሜንድስ» መዝጋት አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ይህ አማራጭ ግራፊክስን ለይቶ አያውቅም፤ ሁሉንም እኩል ይዘጋል። ከዓመታት በፊት በተሳተፍኩበት አንድ ሥራ ኢሜጁን እንዲህ ካሳነስን በኋላ መሣሪያዎቹ በቢሮ ውስጥ በደንብ ሠሩ፤ ሜዳ ላይ ሲተከሉና መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አቃታቸው። መንስኤውን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጅቶብናል። በዴቢያን 12 ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሣው ክፍል) ሰዓት የሚያስተካክለውን አገልግሎት የሚጠራው በ«ሬኮሜንድስ» ነው፤ እርሱ ስላልተጫነ ባትሪ ያለው ሰዓት የሌላቸው መሣሪያዎች በተሳሳተ ቀን ተነሥተው የሰርቨሩን ሰርቲፊኬት አልቀበልም አሉ። እንዲሁም የምስጢር ግንኙነት የሚያረጋግጡት የሰርቲፊኬት ባለሥልጣናት ዝርዝር በብዙ የማውረጃ ፕሮግራሞች ዘንድ የሚጠራው በዚሁ ደረጃ ነው። ስለዚህ በሩን ከዘጉ በኋላ አፕት በማስመሰያ ሁነታ የሚያወጣውን የ«ሬኮሜንድስ» ዝርዝር አንድ በአንድ ያንብቡ፤ የሰዓት አገልግሎቱን፣ የሰርቲፊኬት ዝርዝሩንና ዲ-ባስን (ፕሮግራሞች መልእክት የሚለዋወጡበትን) በስማቸው ጠርተው ያስገቡ።

ከግራፊክስ ጋር ተጠራርጎ ሊወጣ የማይገባው ሌላው ነገር ፊደል ነው። በቪዲዮው ወይም በምስሉ ላይ የቦታ ስም በአማርኛ ለመጻፍ ካሰቡ የኦፕን-ሲቪ የጽሑፍ ተግባር አይጠቅምዎትም፤ የሚጠቀመው ሄርሼይ የተባሉትን በመስመር የሚሣሉ ፊደላት ስለሆነ በግዕዝ ሆሄ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ይደረድራል። ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ ፎንትኮንፊግን (ፎንት ፈላጊ)፣ ፓንጎን (ጽሑፍ ደርዳሪ) እና ካይሮን ጭነው ኤክስ-11ን በጓሮ በር ይመልሱታል። የሚያስፈልገው ግን ፒሎው የተባለው የፓይተን ላይብረሪና አንድ የፎንት ፋይል ብቻ ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ይበቃል። ፒሎው ፍሪታይፕ የተባለውን የፎንት መሳያ በውስጡ ስለያዘና የፎንቱን አድራሻ በቀጥታ ስለሚሰጡት የሥርዓቱን ፎንት ፈላጊ አይሻም። የእኛ ፊደል እንደ ዐረብኛ እርስ በርሱ የማይቀጣጠል መሆኑም እዚህ ያግዘናል።

ከላይብረሪዎች ውጭ ቦታ የሚይዙት የከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ሞጁሎችና ፈርምዌር (በሃርድዌሩ ላይ የሚጫን ሶፍትዌር) ናቸው። የኤኤምዲ ግራፊክስ ፈርምዌር በዴቢያን ለብቻው የተለየ ፓኬጅ ስለሆነ መተው ቀላል ነው። ለደመና ሰርቨር የተዘጋጀው ትንሹ ከርነል የአካላዊ መሣሪያ ድራይቨሮችን አብዛኞቹን ስለተወ ለእርስዎ አይሆንም። መነሻ ፋይል ስርዓቱን (ከርነሉ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠቀምበትን ኢኒትራምኤፍኤስ) «ለዚህ መሣሪያ ብቻ» በሚለው ሁነታ ማሳነስም ይቻላል፤ ነገር ግን ኢሜጁ የሚገነባው በሌላ ማሽን ላይ ከሆነ የዚያን ማሽን ድራይቨር መርጦ መሣሪያዎን እንዳይነሣ ያደርገዋል። የጽሑፍ ኮንሶሉን ግን አይንኩት። ከርነሉ ራሱ የሚሥለው ስለሆነ ሜሳንም ኤክስ-11ንም አይፈልግም፤ አንድ ቀን ቴክኒሻን ስክሪን ሰክቶ ስሕተቱን ማንበብ ሲኖርበት ዋጋው ይታያል።

በቀሩት ፓኬጆች ላይ ብዙ አልቆይም። ጃቫ ካለ የሄድለሱን ዓይነት፣ ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ አርታዒ ካለ «ኖክስ» የሚል ተቀጥላ ያለውን ይምረጡ። ኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያው) ኤክስ-ኦውዝ የተባለውን የኤክስ-11 ፓኬጅ በ«ሬኮሜንድስ» ስለሚጠራ በሩ ሲዘጋ እርሱም አይገባም።

መሣሪያዎቹ በርክተው ሥራው ዘለቄታ ካገኘ የራስን ሥርዓት ከምንጭ ኮድ ወደሚገነቡት ወደ ቢልድሩት ወይም ወደ ዮክቶ መሻገርን ያስቡበት። በቢልድሩት ውስጥ ያልመረጡት ነገር አይገባም፤ የጥገኝነት ሥዕልና የመጠን ሥዕል የሚያወጡ ትዕዛዞችም አሉት። በዮክቶ ደግሞ ኤክስ-11ን፣ ዌይላንድን (ሌላ የመስኮት ሥርዓት)፣ ኦፕን-ጂኤልንና ቩልካንን (ሌላ የግራፊክስ ስልት) ከስርጭቱ ባሕርያት ዝርዝር በአንድ መስመር ማውጣት ይቻላል። እንዲህ ያለው አጠቃላይ ማጥፊያ በደንብ የሚሠራው ሁሉም ነገር ከምንጭ በሚገነባበት ሥርዓት ነው። ኒክስ-ኦኤስ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት የኤክስ-11 ላይብረሪዎችን በሙሉ የሚያጠፋ አንድ አማራጭ ነበረው፤ ሲበራ ፓኬጆቹ ተገንብተው ከተቀመጡት ጋር ስለማይመሳሰሉ ተጠቃሚው ብዙውን ነገር ራሱ ለመገንባት ይገደድ ነበር፣ ያልተፈተኑ ጥምረቶችም ይሰበሩ ነበር፤ በመጨረሻም አማራጩ ተወገደ። ዝግጁ ፓኬጅ በሚጠቀም ሥርዓት ላይ በሮቹን አንድ በአንድ መዝጋት የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንዴ የተዘጋ በር ተዘግቶ እንዲቆይ ፍተሻውን ከግንባታው ጋር ያያይዙት። ኢሜጁ ተገንብቶ ሲያልቅ የተጫኑትን ፓኬጆች ስም አውጥቶ ሊብ-ኤክስ-11፣ ሊብ-ጂኤል፣ ሊብ-ዌይላንድ ወይም ሊብ-ኤልኤልቪኤም ብሎ የሚጀምር ስም ካገኘ ግንባታውን በስሕተት የሚያስቆም ጥቂት መስመር ስክሪፕት ይበቃል። ስሙን ከነቁጥሩ አይጻፉ፤ በዴቢያን 12 ያለው ኤልኤልቪኤም 15 ሲሆን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 በወጣው በዴቢያን 13 ግን ሜሳ የተያያዘው ከ19 ጋር ነው፤ ከሜሳ ድራይቨሮችም ብዙው ሜሳ-ሊብ-ጋሊየም ወደሚባል አዲስ ፓኬጅ ስለተዛወረ ይህንንም ስም ይጨምሩበት። ሁለተኛው ፍተሻ በኢሜጁ ውስጥ ያሉትን ፕሮግራሞችና ላይብረሪዎች ሁሉ ተመልክቶ የ«ያስፈልገኛል» ስሙ ያልተገኘ ካለ የሚያሳውቅ ይሁን። በዲኤልኦፕን የሚከፈቱትን ግን ይህ ፍተሻ አያያቸውም። ለእነርሱ መሣሪያውን ከእውነተኛ ካሜራ ጋር አገናኝተው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ያሠሩት፤ መሐል ላይ መብራቱን አጥፍተው ያብሩት፣ ቁራጭ ቪዲዮ ያስቀዱት፣ የአማርኛ ጽሑፉንም በዓይንዎ ይመልከቱት።